አንዲት ደቃቅ የማግኔት ቅንጣት እንዴት ትለካለች?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የሳይንስ ክበባችን ባዘጋጀው በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ የፊዚክስ ጉዳይ እንድናገር ስለ ታዘዝሁ ደስታዬ ታላቅ ነው። የመረጥሁት ርእስ በዐይን ስለማይታይና በጣት ስለማይዳሰስ ነገር ነው፤ ይኸውም ከትቢያ ይልቅ እጅግ የደቀቀች አንዲት የማግኔት ቅንጣት ናት። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ይህችን ቅንጣት ከብጤዎቿ ለይቶ ለብቻዋ ማግኔትነቷን መለካት ይቻላልን? ቢቻልስ ምን ይጠቅማል?

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የምድራችን የጥንት ታሪክ በድንጋይ ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው በእንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ነው። በኮምፒዩተር የማግኔት ዲስክ ላይ የምናስቀምጠው ጽሑፍ፤ ሥዕልና ድምፅም የሚጻፈው በእነዚሁ ነው። ቅንጣቷ የተጻፈባትን ነገር ሳትረሳ ለስንት ዘመን ትይዛለች? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሕግ አለ። ሰዎች ሕጉን አምነው ብዙ ነገር ሠሩበት፤ ነገር ግን ሕጉ በወረቀት ላይ ከተጻፈ በኋላ አንዲት ቅንጣት በእርግጥ እንደምትታዘዘው እስኪታይ ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ የምነግራችሁ የዚህን የሃምሳ ዓመት ጥበቃ ታሪክ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ማግኔት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም በቤተ ሙከራ አይተናል። የማግኔት ዘንግ ከወረቀት በታች አስቀምጠን የብረት ብናኝ ብንነሰንስ ብናኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቀስት እየጎበጠ ይደረደራል። ነገር ግን አንድ ተራ የብረት ምስማር ብንወስድ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ የብረት አቶም ራሱን የቻለ ትንሽ ማግኔት ነው። ታዲያ ምስማር ሁሉ ስለ ምን ማግኔት አልሆነም?

ለዚህ መልስ የሰጠው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ቫይስ ነው። እርሱ በ1907 ዓ.ም. እንዳስረዳው በብረት ውስጥ ያሉ አቶሞች በየመንደሩ ተከፋፍለው ይኖራሉ። የአንዱ መንደር አቶሞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመለከቱ የጎረቤቱ መንደር አቶሞች ወደ ሌላ ይመለከታሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ኀይል የሌላውን እያጠፋ ምስማሩ ከውጭ ሲታይ ማግኔትነት የሌለው ይመስላል። እያንዳንዱን መንደር ሊቃውንት ዶሜን ብለው ይጠሩታል።

በሁለት መንደሮች መካከል ወሰን አለ። ወሰኑ በነጻ አይገኝም፤ አቶሞቹ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ጥቂት በጥቂት እየዞሩ የሚሄዱበት ስለ ሆነ ስፍራም ጉልበትም ይጠይቃል። ሰፊ እርሻ ያለው አባት ርስቱን ለልጆቹ ሲያካፍል በየመካከሉ አጥር ቢታጠር የሚያስደንቅ አይደለም። መሬቱ አንድ የጎመን መደብ ያህል ብቻ ቢሆን ግን አጥሩ ራሱ መሬቱን ይበላዋልና የሚከፍለው የለም። እንደዚሁም የብረት ወይም የኮባልት ቅንጣት እጅግ ስታንስ በውስጧ ወሰን መሥራት አያዋጣም፤ አቶሞቿም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ይህ እንደሚሆን ፍሬንከልና ዶርፍማን የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት በ1930 ዓ.ም. አስቀድመው ተናግረዋል። እንዲህ ያለችው ቅንጣት ባለ አንድ ዶሜን ትባላለች።

መጠኗን ለመገመት አንዲት የጤፍ ፍሬ እናስብ። የጤፍ ፍሬ ርዝመት 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የቅንጣቷ ስፋት 25 ናኖሜትር ነው ብንል በአንዲት ጤፍ ርዝመት ላይ 40,000 ቅንጣቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰለፋሉ። አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ቦታ ለመሙላት ደግሞ 64 ሚሊዮን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ቅንጣት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለችው ቅንጣት ትንሽ ብትሆንም ጠባይዋ ግልጽ ነው። ቅርጿ ሞላላ ቢሆን ማግኔትነቷ በርዝመቷ መስመር ላይ መተኛትን ይመርጣል፤ በዚያም መስመር ላይ ያላት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመገልበጥ በመካከል ያለውን ኮረብታ መሻገር አለባት። ኮረብታ ማለቴ የጉልበት ኮረብታ ነው፤ ሳይከፈል የማይታለፍ መሰናክል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስቶነርና ዎልፋርዝ በ1948 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህችን ቅንጣት በውጭ ማግኔት ለመገልበጥ ምን ያህል ኀይል እንደሚያስፈልግ አሰሉ። የውጩ ኀይል ከየትኛው ማእዘን ቢመጣ እንደሚቀልና ከየትኛው ቢመጣ እንደሚከብድም አሳዩ።

በሚቀጥለው ዓመት፤ በ1949 ዓ.ም.፤ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ይሠራ የነበረው ሉዊ ኔል ጠለቅ ያለ ጥያቄ አነሣ። ከውጭ የሚገፋት ኀይል ባይኖርስ ቅንጣቷ ያለችበትን አቅጣጫ ለዘላለም ይዛ ትኖራለችን? መልሱ፤ አትኖርም የሚል ሆነ። ሙቀት ማለት የአቶሞች መንቀጥቀጥ ስለ ሆነ ቅንጣቷን ያለ ማቋረጥ ይነቀንቃታል፤ ከብዙ ንቅናቄም በኋላ አንድ ጊዜ ኮረብታውን አሻግሮ ሊጥላት ይችላል። አሜሪካዊው ዊልያም ፉለር ብራውን በ1963 ዓ.ም. ስሌቱን ይበልጥ አጠናከረው፤ ስለዚህ ሕጉ ዛሬ በኔልና በብራውን ስም ይጠራል።

የዚህን ሕግ አስደናቂነት በቁጥር ብናየው ይሻላል። ሙቀቱ ቅንጣቷን በየሴኮንዱ አንድ ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይነቀንቃታል እንበል። የኮረብታው ከፍታ ከሙቀቱ ጉልበት 20 እጥፍ ቢሆን ቅንጣቷ አቅጣጫዋን ይዛ የምትቆየው በአማካይ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከፍታው 40 እጥፍ ቢሆን 7 ዓመት ተኩል ያህል ትቆያለች። 60 እጥፍ ቢሆን ደግሞ 3,600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ትቆያለች። የኮረብታው ከፍታ ቅንጣቷ በምትይዘው ቦታ መጠን ልክ ስለሚያድግ ከ40 ወደ 60 ለመድረስ ስፋቷ የሚጨምረው ከመቶ 15 እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። ሁለት ቅንጣቶች በመልክ መንታ መስለው ሳለ አንደኛዋ የተነገራትን በሰባት ዓመት ትረሳለች፤ ሁለተኛዋ ግን ተራሮች እስኪያረጁ ድረስ ትይዛለች ማለት ነው።

አሁን ይህ ሕግ በእኛ ሕይወት የት እንደሚገባ እንመልከት። ኔል በዚያ በ1949ኙ ጽሑፉ ሕጉን የተረጎመበት አንደኛው ነገር የተተኮሰ ሸክላ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን በእሳት ስትተኩስ በጭቃው ውስጥ ያሉት የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ከግለቱ የተነሣ የያዙትን አቅጣጫ ይለቃሉ። ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን 580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እንደ ቋሚ ማግኔት መሆኑ ያበቃል። እንስራው ሲበርድ ግን ቅንጣቶቹ በዚያች ሰዓት የነበረውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ምጣድና ጀበና በየቀኑ እሳት ላይ ስለሚጣዱ መዝገባቸው በከፊል ሊታደስ ይችላል፤ እንስራ ግን ውሃ ሲቀዳበት ስለሚኖር የተተኮሰበትን ቀን ያስባል።

ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይም እንደዚሁ ነው። የሰሜን ምዕራብ ደጋችንን ተራሮች ንጣፍ በንጣፍ የሠራው ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ በተደረገው ጥናት አንዳንዱ ንጣፍ የዛሬውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ የሚመስል፤ አንዳንዱ ደግሞ የተገላቢጦሹን ይዞ ተገኝቷል። የመሬት ሰሜንና ደቡብ የማግኔት ዋልታዎች በየዘመኑ ቦታ ሲለዋወጡ ኖረዋልና፤ የመጨረሻው ልውውጥ የሆነው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በአዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ፤ በ1958 ዓ.ም.፤ የመሬትን ማግኔት መመዝገብ ጀመረ። ጣቢያው በመሣሪያ የሚመዘግበውን ያን ነገር ድንጋዮቻችን ከጣቢያው በፊት ለሚሊዮን ዓመታት ያለ ጸሐፊ ሲመዘግቡት ኖረዋል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይበረታል። ድንጋዩ የያዘው መዝገብ 30 ሚሊዮን ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል ብለን የምናምነው በምን ማስረጃ ነው? ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ተቀምጦ የሚጠብቅ መርማሪ የለም። ማስረጃችን ሕጉ ነው። ሕጉ ቢሳሳት የመዝገቡ ንባብ አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ሕጉን በቅንጣት ላይ መፈተን የግድ ያስፈልግ ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው፤ የማግኔት ዱቄት በማንኪያ ወስዶ መለካት አይቀልምን? ይል ይሆናል። መለካቱ ቀላል ነው፤ ለብዙ ዓመታትም የተደረገው ይኸው ነው። ችግሩ ግን የብዙዎች አማካይ የአንዱን ጠባይ መሸሸጉ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሒሳብ ፈተና አማካይ ውጤት 50 ነው ቢባል ሁሉም ተማሪ 50 አግኝቶ ይሆናል፤ ወይም እኩሌታው 100፤ እኩሌታው ዜሮ አግኝቶ ይሆናል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ክፍሎች ሊለያቸው አይችልም።

በማግኔት ዱቄት ውስጥ ያለው መደባለቅ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፤ ቅንጣቶቹ በመጠን እኩል አይደሉም፤ ጥቂት የመጠን ልዩነትም ምን ያህል የዘመን ልዩነት እንደሚያመጣ ከላይ አይተናል። ሁለተኛ፤ ርዝመታቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ የተጋደመ ነው። ሦስተኛ፤ እያንዳንዷ ለጎረቤቷ ማግኔት ስለ ሆነች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ይሳሳባሉ። በዚህ ምክንያት የዱቄቱ ማግኔትነት ሲደክም ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ አሥረኛው የሚጠፋውና ከአሥረኛው እስከ መቶኛው የሚጠፋው መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ዝግተኛ አደካከም ከብዙ ዓይነት ሕጎች ድብልቅ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የኔልን ሕግ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ለማለት አይበቃም። የሕጉ ትክክለኛ ምስክር አንዲት ቅንጣት ብቻ ናት።

ወደ ምስክሯ ለመድረስ የተደረገው ጥረት በየደረጃው ነበር። በ1956 ዓ.ም. ሞሪሽና ዩ የተባሉ ተመራማሪዎች በቀጭን የኳርትዝ ክር መጠማዘዝ የሚሠራ ሚዛን አበጅተው የማይክሮሜትር ያህል ስፋት ያላትን አንዲት የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ለብቻዋ ለኩ። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ቅንጣቷን ከማኅበር አውጥቶ፤ የመጋደምንና የመገፋፋትን ጣጣ አስወግዶ፤ ራሷን መጠየቅ። በዚህም መሣሪያ ባለ አንድ ዶሜን የሆነች ቅንጣት በእርግጥ እንዳለች አሳዩ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፤ በ1978 ዓ.ም.፤ ኖውልስ የተባለው ተመራማሪ ብልሃቱ የሚያስደስት ዘዴ አቀረበ። ወላጆቻችን ዘፈን ያዳምጡበት በነበረው የካሴት ቴፕ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር እንደ መርፌ ሾል ያሉ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ነው። ኖውልስ እነዚህን በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ በትኖ በማይክሮስኮፕ ተመለከታቸው። በመጀመሪያ በደካማ ማግኔት አቅጣጫ ያስይዛቸዋል፤ ቀጥሎ ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ ብርቱ የማግኔት ግፊት በተቃራኒው ይልክባቸዋል። ግፊቱ እጅግ አጭር ስለ ሆነ የቅንጣቷ አካል በወፍራሙ ፈሳሽ ውስጥ ለመዞር ጊዜ አያገኝም፤ ማግኔትነቷ ግን ከአካሏ ተለይቶ በውስጧ ሊገለበጥ ይችላል። ከተገለበጠ ደካማው ማግኔት ቀስ ብሎ አካሏን ሲያዞራት ይታያል፤ ካልተገለበጠ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ግፊቱን ጥቂት በጥቂት በመጨመር እያንዳንዷ ቅንጣት በስንት ኀይል እንደምትገለበጥ በዐይን አይቶ ማወቅ ተቻለ።

በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ሌደርማን፤ ሹልትዝና ኦዛኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በማግኔት የተቀባ እጅግ ስል መርፌ ባለው ማይክሮስኮፕ አማካይነት የአንዳንድ ነጠላ ቅንጣቶችን የመገልበጫ ጊዜ መረመሩ። ውጤቱ ግን ነገሩን አጠራጣሪ አደረገው፤ የመገልበጡ ሁኔታ አንድ ኮረብታ በመሻገር ብቻ ሊተረጎም አልቻለም። እንግዲህ ሁለት መንገድ ቀረ፤ ወይ ሕጉ ጉድለት አለበት፤ ወይ ቅንጣቶቹ ሕጉ እንደሚያስባቸው ጥሩ ቅርጽ የላቸውም። ቅርጿ የተዛባ ወይም ላይዋ ጉድለት ያለበት ቅንጣት የምትሻገረው ኮረብታ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሰንሰለታማ ተራራ ሊሆን ይችላልና። ነገሩን ለመለየት ቅንጣቷ ያነሰችና ይበልጥ የጠራች፤ መሣሪያውም ይበልጥ የነቃ መሆን ነበረበት።

የነቃው መሣሪያ ስኩዊድ ይባላል። በ1911 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ አንዳንድ ብረታ ብረት እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ እንደሚያሳልፍ አገኘ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ብራያን ጆሴፍሰን ገና የ22 ዓመት የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በእንዲህ ባሉ ሁለት ብረቶች መካከል ቀጭን መሰናክል ቢኖርም እንኳ ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ ሊያልፍ እንደሚችል በስሌት ተነበየ፤ በ1973 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ስኩዊድ ማለት እንዲህ ካለው ብረት የተሠራ፤ በሁለት ስፍራ ወገቡ የቀጠነ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ያለ ተቃውሞ ሊያሳልፍ የሚችለው የኤሌክትሪክ መጠን በውስጡ በሚያልፈው ማግኔት ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአጠገቡ አንዲት ቅንጣት ብትገለበጥ ቀለበቱ ወዲያው ያስታውቃል።

በግሬኖብል ቮልፍጋንግ ቬርንስዶርፈርና ባልደረቦቹ የሠሩበት ቀለበት ጎኑ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነበር። ቅንጣቷን በእንዲህ ያለ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ በእጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። እነርሱም ቅንጣቶቹን በአልኮል ውስጥ በትነው ብዙ ቀለበቶች በተሠሩበት ገበታ ላይ አንድ ጠብታ ያፈሳሉ። ጠብታው ሲደርቅ ቅንጣቶቹ በየወደቁበት ተጣብቀው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየፈለጉ አንዲት ቅንጣት ብቻ በቀጭኑ ወገብ ላይ የወደቀችበትን ቀለበት ይመርጣሉ። ሥራው ከዘሪ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ዘሩ ይበተናል፤ በመልካም ስፍራ የወደቀው ይፈለጋል።

በ1997 ዓ.ም. የታተመው ውጤታቸው ስፋታቸው ከ15 እስከ 30 ናኖሜትር ስለሆኑ ነጠላ ቅንጣቶች ነበር፤ ሙቀቱም ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ0.1 እስከ 6 ኬልቪን ብቻ ነበር። ፈተናው ሦስት ዓይነት ቢሆንም ለመረዳት የሚቀለውን አንዱን ልንገራችሁ። ቅንጣቷን ወደ አንድ አቅጣጫ ያስይዟታል፤ ለመገልበጥ ጥቂት የሚጎድለው ተቃራኒ ማግኔት ያደርጉባታል፤ ከዚያም ሰዓት ይዘው ይጠብቃሉ። ስትገለበጥ ጊዜዋን ይመዘግባሉ፤ መልሰውም እንደገና ይጀምራሉ። ይህንኑ በዚያችው ቅንጣት ላይ ደጋግመው ያደርጉታል።

ሕጉ እውነት ከሆነ ቅንጣቷ የጠበቀችውን ጊዜ አትቆጥርም፤ ሳንቲም ስንወረውር ያለፈው ውርወራ የሚመጣውን እንደማይለውጥ ሁሉ ማለት ነው። ከሙከራዎቹ እኩሌታው በመጀመሪያው ሴኮንድ ከተገለበጠ ከቀረው እኩሌታው በሁለተኛው፤ ደግሞ ከቀረው እኩሌታው በሦስተኛው ሴኮንድ መገልበጥ አለበት። የተገኘውም ይኸው ነው። ኔልና ብራውን እንዳሉት መልካም ሆና የተሠራች ቅንጣት በሙቀት ንቅናቄ አንድ ኮረብታ ተሻግራ እንደምትገለበጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ጽኑ መሆኑ ታወቀ፤ አንድ ቅንጣት ከሕጉ ስትወጣም ምክንያቱን በመጀመሪያ በቅርጿና በጥራቷ መፈለግ የሚገባ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው 3 ናኖሜትር ስፋት ያላትን፤ 1,000 ያህል አቶሞች ብቻ ያሏትን አንዲት የኮባልት ቅንጣት ኒዮቢየም በተባለው ብረት ውስጥ ቀብረው ለኩ፤ ከየትኛው አቅጣጫ በስንት ኀይል እንደምትገለበጥም አሳዩ።

የሚያስደንቀው፤ ሕጉ የተፈተነው ኔል ይሠራበት በነበረው በዚያው በግሬኖብል ከተማ መሆኑ ነው። ኔል በ1970 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል፤ ያረፈውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ1949 ዓ.ም. በወረቀት ላይ ያሰላት ቅንጣት ቃሉን ስታጸና በሕይወት ሳለ ደርሶበታል።

ዛሬ ይህ እውቀት ለምን ይውላል? የኮምፒዩተር ዲስክ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጽሑፍ በጠባብ ቦታ ለማስቀመጥ የማግኔት ቅንጣቶችን ስፋት ወደ 8 ናኖሜትር ያህል አውርደዋል። ከዚህ በላይ ለማሳነስ ቢሹ ኮረብታው ዝቅ ይልና ጽሑፉ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ቅንጣቷን ሲያሳንሱ ማግኔትነቷን አጥብቆ የሚይዝ ሌላ የብረት ቅይጥ መፈለግ ግዴታ ሆኖባቸዋል። በሌላ በኩል በአልማዝ ውስጥ አንድ የካርቦን አቶም ጎድሎ በጎረቤቱ የናይትሮጅን አቶም ሲገባ ያ ስፍራ ለማግኔት እጅግ ንቁ ይሆናል፤ በዚህ አማካይነት ያለ ብርቱ ቅዝቃዜ በድንጋይ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የማግኔት ቦታዎችን በሥዕል ማየት ተችሏል።

ይሁን እንጂ ሥራው አላለቀም። በድንጋይ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ብዙዎቹ ለባለ አንድ ዶሜንነት ተለቅ ያሉ፤ በወሰን ለመከፋፈል ደግሞ ያነሱ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ማግኔትነት እንደ ውሃ አዙሪት ይዞራል። ስቶነርና ዎልፋርዝም ሆኑ ኔል ሲያሰሉ ያሰቡት እንዲህ ያለውን ቅንጣት አልነበረም። አዙሪት ያለባት ቅንጣት መዝገቧን ለስንት ዘመን ትይዛለች የሚለው ዛሬም በብርቱ የሚመረመር ጥያቄ ነው። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ ንባብም በከፊል በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ሕግ ስናገኝ ብዙ ጊዜ በቃላችን አጥንተን እናልፋለን። ነገር ግን ሕጉን ማን ፈተነው? በምን መሣሪያ? በብዙዎች አማካይ ላይ ነው ወይስ በአንዱ ላይ? ብሎ መጠየቅ የሳይንስ ተማሪ ሥራ ነው። የኔል ሕግ በመጨረሻ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እውነትነቱን ያወቅነው ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ስለ ታመነ ሳይሆን ሰዎች አንዲት ቅንጣት ለብቻዋ እስክትመሰክር ድረስ መሣሪያ ማበጀትን ስላልተዉ ነው።

ከፊታችሁ በሜዳችን ዳር የተቀመጠው ጥቁር ድንጋይ በውስጡ ቁጥር የሌላቸው እንዲህ ያሉ መዝጋቢዎች አሉበት። አንብቦ የሚጨርሳቸው ገና አልተገኘም። ከመካከላችን ይህን ሥራ የሚይዝ እንዲወጣ እመኛለሁ።